ሊብሬው ነው ወይስ ፒስተኑ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ አካባቢ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ለአስፋልት ላይ እሽቅድምድም ተመዘገበ። ማስታወቂያው «እስከ 150 ሲሲ» ይላል፣ በቃ። የሱ ሞተር በሊብሬው 149 ነው። ግን ሲሊንደሩ አርጅቶ ሬቲፊካ ተደርጓል፣ ማለትም ውስጡ ተፍቆ ሰፍቷል፤ ግማሽ ሚሊሜትር የሚበልጥ ፒስተን ገብቶለታል። በዚህች ብቻ 151 ተኩል ገደማ ይደርሳል።

በውድድሩ ጠዋት ፈታሹ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አስፈትቶ በካሊፐር ለካና «አይገባም» አለ። መለካቱን አልቃወምም። ግን የሚቆጠረው ሊብሬው ነው ወይስ ፒስተኑ? ለሬቲፊካ የሚፈቀድ ልዩነትስ አለ? ከሳምንት በፊት የውድድሩ አዘጋጆች ጋ ደውዬ ስጠይቅ «ችግር የለም፣ አምጣው» ተብያለሁ። አሁን ግን «እኔ ነኝ ያልኩት» የሚል የለም።

ሞቶጂፒዎች፣ የዓለም ሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ሻምፒዮና ሰዎች፣ ከ2027 ጀምሮ ሞተሩ ከ1000 ወደ 850 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት ጣሪያም ከ81 ወደ 75 ሚሊሜትር እንደሚወርድ ያሳወቁት ገና በ2024 ነው (በፈረንጆቹ)። እኛ ያን ያህል አልጠየቅንም። ማስታወቂያው ጀርባ ላይ አምስት መስመር ደንብ ትበቃን ነበር።

ልጁ ሞተሩን እየገፋ ተመለሰ። ቴስታታውን መልሼ ገጥሜለታለሁ። የአዲሱን ጋስኬት ዋጋ ማን ይክፈለኝ?

አንድ መካኒክ፣ ከጅማ