የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የቪየናን ቡና ማን ጀመረው?

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ርዕስ የቪየና ከተማ ካፌዎች ታሪክ ነበር። ሀሳቡን ያመጡት ልጆቹ ናቸው፣ ቡናችን ፈረንጆቹ ጋ ደርሶ ምን ሆነ የሚለውን ማወቅ ፈልገው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ባብዛኛው በአንድ ሰው ነው ያለቀው፣ ኮልሺትስኪ ይባላል። በ1683 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኦቶማን ቱርኮች ቪየናን ከበው ሳለ ይሄ ሰውዬ የቱርክ ልብስ ለብሶ በጠላት መሀል አልፎ መልእክት አድርሶ ተመልሷል፣ እዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዛ ቱርኮቹ ሲሸሹ ጥለውት የሄዱትን በጆንያ የሞላ ፍሬ ሰዉ የግመል መኖ ሲመስለው እሱ ቡና መሆኑን አውቆ ወሰደና የከተማዋን የመጀመሪያ ካፌ ከፈተ ይባላል። ቪየና ውስጥ በስሙ የተሰየመ መንገድ አለ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ በ1885 የቆመ፣ ቡና ሲቀዳ የሚያሳይ ሐውልት አለው።

አንዷ የ9ኛ ክፍል ተማሪ "ቲቸር፣ ይሄን መጀመሪያ የጻፈው ማነው?" ብላ ጠየቀች፣ የዓመቱ ሥራ በሙሉ የወጣው ከዚች ጥያቄ ነው። ስንፈልግ ታሪኩን ያስፋፋው ጎትፍሪድ ኡሊሽ የሚባል የሃይማኖት ሰው ሆኖ አገኘነው፣ መጽሐፉ የወጣው ደግሞ በ1783 ነው፣ ከከበባው 100 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሰነዱ የሚለው ሌላ ነው፣ ቪየና ውስጥ ቡና የመሸጥ ፈቃድ በ1685 የተሰጠው ዮሐንስ ዲዮዳቶ ለሚባል አርመናዊ ነጋዴ ነው።

ከዛ አንዱ ልጅ የኛውን ፍየል ጠባቂ ካልዲን አነሳና ክርክሩ ጦፈ። የእረኛው ታሪክ ታትሞ የወጣው በ1671 ሮም ውስጥ ናይሮኒ በሚባል ምሁር ነው፣ ያውም ካልዲ የሚለው ስም እዛ ላይ የለም፣ በኋላ ነው የገባው። አንዳንዶቹ ይሄን ስነግራቸው በጣም ከፋቸው፣ ቡናችንን የተቀሙ ያህል። እኔ ግን ደጋግሜ ያልኳቸው የቡና አገርነታችን በእረኛው ታሪክ ላይ አልቆመም ነው፣ አረቢካ ቡና በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን ዛሬም ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ!

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ወደ ካፌዎቹ ገባን። ናፖሊዮን በ1806 ከእንግሊዝ ጋር የሚደረገውን ንግድ ሲዘጋ ቡና ጠፋ፣ ካፌዎቹም ላለመዘጋት ምግብ መሸጥ ጀመሩ፣ ልጆቹ ይሄን ለኢኮኖሚክስ መምህራቸው ሳይቀር አስረድተዋል። በ1876 የተከፈተው ካፌ ሴንትራል የሩሲያው አብዮተኛ ትሮትስኪ ቼዝ የሚጫወትበት ነበር።

በጣም የወደዱት ግን አቀራረቡን ነው። ቡናው በብር ትሪ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ይመጣል፣ ማንኪያው ብርጭቆው አፍ ላይ ተደፍቶ ይቀመጣል፣ ጋዜጣው በእንጨት መያዣ ታስሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በአንድ ስኒ ደግሞ ሰዓታት ብትቀመጥ ማንም ተነስ አይልህም። የ10ኛ ክፍል ልጆች መያዣውን ከመጥረጊያ እንጨት ሠርተው አዲስ ዘመንን ሰቀሉበት፣ በወላጆች ቀንም ከኛ ጀበናና ረከቦት ጎን አሳዩት፣ ጽሑፋቸውም በሚኒ ሚዲያ ተነበበ። ያሳዘነኝ ጊዜ ማጠሩ ነው፣ ስለ አርመን ነጋዴዎቹ ብዙ መሥራት ይቻል ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ የመረጡት በ1652 የተከፈተውን የለንደን የመጀመሪያ ካፌ ነው። ጋዜጣ መያዣዎቹ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው፣ ማንበብ የፈለገ አንብቦ መልሶ ይስቀላቸው።