የደርባንን የወደብ ሠራተኞችም አስታውሱልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ማይጨው ዘመን ዲፕሎማሲ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጄኔቫ የነበረው የመንግሥታት ማኅበር አለ። የእንግሊዙና የፈረንሳዩ ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል አሉ። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ያሰሙት ንግግርም አለ። ሠራተኛ ግን የለም። ዕድሜዬን አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ሳወርድ የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጣሊያን ሊወረን ሳምንታት ሲቀሩት የእንግሊዝ ሠራተኛ ማኅበራት ማርጌት ከተማ ላይ ጉባኤ ተቀምጠው ነበር። ወራሪው ላይ ማዕቀብ ይጣል የሚለው ሐሳብ በ2,962,000 ድምፅ አለፈ፤ የተቃወመው 177,000 ብቻ ነው። ትልቅ ድጋፍ ነበር፣ አልክድም። ግን ውሳኔው መንግሥታት ያድርጉት የሚል ነው። መንግሥታቱ ደግሞ ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ማዕቀቡን ሲጀምሩ ነዳጁን ተዉት፤ የጣሊያን መርከቦች የሚያልፉበትን የስዊዝ ቦይንም አልዘጉም። የሙሶሊኒ አውሮፕላን ታዲያ ለምን ይቆማል?

የእኔን ልብ የሚነካው የደቡብ አፍሪካው ነው። በዚያ ሰሞን ደርባንና ኬፕታውን ያሉ የወደብ ሠራተኞች ለጣሊያን ጦር የሚሄድ ሥጋ አንጭንም አሉ። ፓስ የሚባለውን የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ወረቀት የሚይዝ ጥቁር ሠራተኛ በተመዘገበ ማኅበር እንዲደራደር የሀገሩ ሕግ አይፈቅድለትም ነበር። የሚከራከርለት ሚኒስትር የለው፣ ጄኔቫ የሚልከው መልእክተኛ የለው። ያለው ትከሻው ነው፤ እሱን ከለከላቸው።

ይህ ምን እንደሚያስከፍል እኔ አውቃለሁ። አሰብ ላይ ጠዋት ስምህ ካልተጠራ ማታ ቤትህ ባዶ እጅህን ትገባለህ። አንድ ጊዜ በክፍያ ተጣልተን ሥራ ብናቆም ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሰዎች የእኛን ጆንያ ተሸክመው አየን። እኛ ያኮረፍነው ለገዛ ኪሳችን ነበር። የደርባኖቹ ግን ዓይተውት ለማያውቁት ሕዝብ ብለው ነው የቀን ገቢያቸውን የተዉት። ልጆቻቸው ያን ማታ ምን በሉ? እስካሁን ያሳስበኛል።

ለሚያዝያ 27 የድል በዓል እትም ስታዘጋጁ እባካችሁ ለእነዚህ ሰዎች አንድ አምድ ስጧቸው። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽናችንም ከደቡብ አፍሪካ አቻዎቹ ጋር ተጻጽፎ የእነዚያን ሠራተኞች ስም ቢያፈላልግልን ደስ ይለኛል። ሰነዱ ካለ እዚያው ሳይሆን አይቀርም።

የቀድሞ የአሰብ ወደብ ሠራተኛ
አዳማ