የሳይንስ ዓመታዊ ዕቅድ ከመጽሐፉ ማውጫ ብቻ አይቀዳ

ክቡር አዘጋጅ፤

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል መምህራን ዓመታዊ ዕቅድ ማውጣት ይጀምራሉ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሳይንስ ዕቅድ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው የመጽሐፉን ማውጫ ወደ ሠንጠረዥ በመገልበጥ ነው። ምዕራፍ አንድ ለመስከረም፣ ምዕራፍ ሁለት ለጥቅምትና ለኅዳር እየተባለ ይሞላል፤ ይፈረምበታል፤ ፋይል ውስጥ ይገባል። ጉዳቱ የሚታየው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ስለ ፀሐይና ስለ መሬት የሚያስተምረው ምዕራፍ ሲደርስ ሰማዩ ተዳምኗል። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን የሚሠራው ስታርች የሚፈተሽበት ሳምንት ዝናብ ሆኖ ያርፋል። ትነት ሲማሩ ደግሞ በየደጁ ተሰጥቶ የከረመው ቡና ተለቅሞ ገብቷል።

ጅማ ላይ ለሚያስተምር ሰው ዕቅዱ ከሌላ ቦታ ቢጀምር ይሻላል። በዓመት አንዴ ወይም በአንድ ወቅት ብቻ የሚታዩት ነገሮች አስቀድሞ ቀን ይቆረጥላቸው፤ ምዕራፎቹ በእነሱ ዙሪያ ይደልደሉ። ካሌንደሩ 40 የሚጠጋ ሳምንት ቢያሳይም ምዝገባው፣ ፈተናው፣ በዓላቱና የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሲቀነሱ በ32 ሳምንት ማቀድ ከኋላ ጭንቀት ያድናል። በሳምንት 4 ክፍለ ጊዜ ቢያዝ 128 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 12ቱ ምንም ሳይጻፍባቸው ይተዉ፤ የከሸፈ ሙከራ የሚደገመው በእነሱ ነው። ባዶ ክፍለ ጊዜ የሌለው ዕቅድ ሙከራ ሲከሽፍ ወደ ገለጻ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው የሚያገኘው የሰሌዳ ግልባጭ ብቻ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ሊሄድ የሚገባው ትልቁ ምልከታ የጥላ ልኬት ነው፤ የሚጠይቀው አንድ ዱላና አንድ ሜትር ብቻ ነው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ላይ ናት። ስለዚህ ከመሬት በላይ ልክ 1 ሜትር የሚቆም ዱላ በቀትር የሚጥለው ጥላ መስከረም 12 ወይም 13 ላይ ወደ ሰሜን 13 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ገደማ ይሆናል። ታኅሣሥ 12 ወይም 13 ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ እያጠረ ይመጣና ሚያዝያ 1 ወይም 2 ላይ ይጠፋል፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ሰኔ 14 ሲሆን ጥላው ተመልሶ 28 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ አሁን ግን የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። ጥላ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲዞር በራሱ ማስመሪያ የለካ ልጅ የመሬት ዘንግ ማዘንበል ሲነገረው የሚያያይዝበት ነገር አለው።

ይህ ልኬት በሁለት ምክንያት ይበላሻል። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። «እኩለ ቀን» ሲባል ሁሉም 6 ሰዓት ላይ ይወጣል። ሰዓታችን የተቃኘው ግን በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ነው፤ ያ መስመር የሚያልፈው በአገሪቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ በኩል ነው። ጅማ 36 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ላይ ስለሆነች ልዩነቱ ከ8 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 የሰዓት ደቂቃ ሲታሰብ ፀሐይዋ 33 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ሚያዝያ 1 ላይ የጅማ ቀትር 6 ሰዓት ከ34 ገደማ ነው። በዚያ ቀን ልክ 6 ሰዓት ላይ የለካ ክፍል 15 ሳንቲ ሜትር ጥላ ያገኝና «ጥላው አልጠፋም» ብሎ ይገባል። በመስከረም አጋማሽ ቀትሩ ወደ 6 ከ26፣ በታኅሣሥ ወደ 6 ከ31 ይጠጋል። ስለዚህ ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት በየ10 ደቂቃው የጥላው ጫፍ በኖራ ወይም በሚስማር ምልክት ይደረግበትና ከሁሉ አጭሩ ይወሰድ። በፈረቃ ለሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ሰዓቱ የተመቸ ነው፤ የጠዋቱ ሲወጣ የከሰዓቱ ሲገባ ሁለቱም ያዩታል።

ሁለተኛው የዱላው መዝመም ነው። 1 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ዱላ ጫፉን ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ያሳስታል። በዓይን ግምት አይተከል፤ በክር ላይ ድንጋይ ታስሮ በተሠራ ቱንቢ ከሁለት አቅጣጫ ይታይ፤ ጥላው የሚወድቅበት ሲሚንቶም በውሃ ልክ ይረጋገጥ። ሚያዝያ ደመና ይበዛበታልና አንድ ቀን ብቻ አይጠበቅ። ከመጋቢት 28 እስከ ሚያዝያ 5 ባሉት ቀናት ሁሉ የቀትሩ ጥላ ከ3 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከእነዚህ አንዱ መጥራቱ አይቀርም።

ከጥላው ጎን የዝናብ መለኪያ ይቁም። ሁለት ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ አንገቱ ተቆርጦ ተገልብጦ ይገባበታል። የሃይላንዱ ታች ወጣ ገባ ስለሆነ ከፍታውን በማስመሪያ ማንበብ ያሳስታል፤ ውሃውን ባልተነካ አዲስ ሲሪንጅ መለካት ይሻላል። አፉ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ወደ 8 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ውሃ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ከጣሪያ አፍ ይራቅ፤ ከአጠገቡ ካለው ግድግዳ ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነበባል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ሳምንታት ልጆቹ ሰሌዳውን ባዶ ይተዉታል። «0» እና «አልተለካም» አንድ አይደሉም፤ ይህን ልዩነት በዚያ ወቅት ካልለመዱት በኋላ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ ይቸግራቸዋል።

የቡና ለቀማ የሚደርሰው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ድብልቅን መለየት፣ እፍግታ (አንድ ነገር በመጠኑ ልክ ምን ያህል እንደሚከብድ) እና ትነት እዚያ ላይ ቢመጡ መሣሪያው በየቤቱ አለ። ቀይ እሸት ቡና ባልዲ ውሃ ውስጥ ሲደፋ ጤነኛው ይሰምጣል፤ በተባይ የተበላውና ቀድሞ የደረቀው ይንሳፈፋል። ገበሬው በየዓመቱ የሚሠራው ይህ ሥራ እፍግታን በመጠቀም መለየት ነው። ቀጥሎ ከሰመጠው 500 ግራም ተመዝኖ በወንፊት ሽቦ ላይ አንድ ንብርብር ብቻ ሆኖ ይሰጣ፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይመዘን። እሸቱ ከክብደቱ 65 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። እርጥበቱ 12 በመቶ ያህል ላይ ሲደርስ ከ500 ግራሙ የሚቀረው ጀንፈል 200 ግራም ገደማ ነው፤ 300 ግራሙ አየር ውስጥ ገብቷል። ይህን በግራፍ ወረቀት የሳለ ተማሪ መስመሩ መጀመሪያ በፍጥነት ወርዶ ኋላ ዘንበል እያለ መሄዱን ያያል። ካፊያ በጣለበት ማግሥት ክብደቱ ጨምሮ ከተገኘ አይሰረዝ፤ ቡናው እርጥበት መልሶ ወስዷል፤ የዚያ ቀን ነጥብ እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። ወፍሮ ከተሰጣ ግን ይሻግታልና ያኔ መጣል ነው።

አሁን ወደ አንድ ቴርሞሜትር ልምጣ። በየትምህርት ቤቱ የሚደጋገመው ስህተት እሱ ላይ ነው። 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጣዳል፤ በየደቂቃው ይነበባል፤ 60፣ 78፣ 91 እያለ ይወጣና 94 ላይ ይቆማል። ውሃው ይንተከተካል፣ ደቂቃ ያልፋል፣ ቁጥሩ ግን አይነቃነቅም። ተማሪው 94 ብሎ ይጽፋል፤ የጎረቤቱን ደብተር ያያል፤ በላጲስ ያጠፋና 100 ይጽፋል። 100 የሚለው ግን የባሕር ጠለል ላይ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ 82 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ ያለው 101 ነው። የላዩ ጫና ሲቀንስ ውሃው ቀደም ብሎ ይፈላል፤ 94 ትክክለኛው የጅማ ቁጥር ነው። መምህሩ ይህን ቀድሞ ካላወቀ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ይላል፤ ልጁም ካየው ይልቅ የተነገረውን መጻፍ ይማራል። ከዚህ የከፋ የሳይንስ ትምህርት አላውቅም።

ቴርሞሜትሩ ራሱ መፈተን አለበት። ከጁስ ቤት የመጣ በረዶ ተፈጭቶ ከጥቂት ውሃ ጋር ይቀላቀል፤ መሣሪያው 0 ማሳየት ይገባዋል። 1 ካሳየ ከሁሉም ንባብ 1 ይቀነስ። ሲፈላም ጫፉ የዕቃውን ታች መንካት የለበትም፤ ብረቱ ከውሃው ይሞቃል። የትኩሳት መለኪያ ለዚህ በፍጹም አይግባ፤ ልኬቱ 42 ላይ ያበቃል፤ ይሰበራል።

ስታርች የሚፈተሽበት ሙከራ ከኅዳር እስከ ጥር ይያዝ፤ ጠራራ ፀሐይ ይፈልጋልና። የቡና ቅጠል ወፍራምና ልሙጥ ስለሆነ አያመችም፤ የቦሎቄ ቅጠል ይሻላል። ቅጠሉን የሚያነጻው አልኮል በምንም ምክንያት ቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ። ውሃ ይፈላል፤ እሳቱ ይጠፋል፤ ከዚያ የአልኮሉ ብርጭቆ ሙቅ ውሃው ውስጥ ይቀመጣል።

የዘር ማብቀያ ሙከራ ሰኞ ይጀመር። አርብ የተጀመረ በቅዳሜና እሁድ ይደርቃል። ለእያንዳንዱ ሁኔታ 10 ሙሉ አተር ወይም ቦሎቄ፤ ክክ አይበቅልም፤ በመድኃኒት የታሸ ዘርም ለልጅ እጅ አይሰጥ። ብርሃን የሌለበት ሳጥን ውስጥ ያሉትም ይበቅላሉ። ብዙ ልጆች አይበቅሉም ብለው ስለሚገምቱ ግምታቸውን ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት በእስክሪብቶ ያስፍሩ።

ማይክሮስኮፕ ላይ ሒሳቡን አስቀድሞ መሥራት ነው። አንድ ማይክሮስኮፕ፣ 55 ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ 1 ደቂቃ፤ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አልበቃም። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይያዝና ወረፋ ያልደረሰው ሌላ ሥራ ይሰጠው። ከሽንኩርቱ የሚወሰደው ከሥጋው ውስጠኛ ገጽ የሚላጠው ስስ ሽፋን ነው፤ ከፋርማሲ የሚገኝ ቲንክቸር አዮዲን 1 ጠብታ በ5 ጠብታ ውሃ ቀጥኖ ይጨመርበት። መሸፈኛው መስታወት በአንድ ጎን ተይዞ ቀስ ብሎ ካልወረደ የአየር አረፋ ይገባል፤ ክብና ጥቁር ጠርዝ ያለው አረፋ «ህዋስ» ተብሎ ደብተር ላይ የሚሳለው በዚህ የተነሣ ነው። የሽንኩርት ህዋስ እንደ ጡብ የተደረደረ ረጅም ነው።

የጉልበት ምዕራፍ ግንቦት ላይ ቢያርፍ ምሳሌው ቅርብ ነው። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከእሱ የወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ በግልገል ጊቤ ሁለት 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ያው ውሃ ለምን ሁለተኛው ላይ ይበልጥ ይሰጣል ብሎ መጠየቅ ስለ ከፍታና ስለ ጉልበት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያሠራል።

ቋንቋውም ዕቅድ ውስጥ ይግባ። እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ 9ኛ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ከደብተሩ ኋላ በየሳምንቱ አምስት ቃል፣ እፍግታ ዴንሲቲ፣ ህዋስ ሴል፣ ትነት ኢቫፖሬሽን እያለ ጎን ለጎን ቢጽፍ በ32 ሳምንት 160 ቃል ይዞ ይሻገራል።

ዕቅድ ለሚያጸድቁ ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ጥያቄዬ ይህ ነው። የምዕራፍ ቅደም ተከተል የተቀየረበት ዕቅድ ሲቀርብላችሁ «ከመጽሐፉ ጋር አይገጥምም» ብላችሁ አትመልሱት፤ ይዘቱ በሙሉ መሸፈኑን ብቻ ቁጠሩ። 8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ስላለበት ሁሉም ምዕራፍ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይዘጋ፤ 7ኛ ክፍል ላይ ግን እጅ የሚያስር ነገር የለም። በተከታታይ ምዘናው ውስጥም ለጥሬ ንባብ ነጥብ ይያዝ፤ 94ን ሳይደልዝ የጻፈ ልጅ ነጥቡን ያግኝ። የመጀመሪያው የጥላ ልኬት መስከረም 12 ነው፤ ዱላው ከዚያ በፊት መተከል አለበት።

አንድ የሳይንስ መምህር
ከጅማ