ስጠፋብሽ የከረምኩበት ምክንያት

ውዷ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ትንሹ አፉን ፈታ? እኛ በጣም ደህና ነን። ድሬም እንደተውሻት ናት፤ ሙቀቷም፣ ጨዋታዋም።

አምና ቤትሽ አድሬ፣ ጠዋት ያፈላሽልኝን ሻይ ጠጥቼ ለጂአርኢ፣ ለዚያ ውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ለማመልከት ለሚወሰደው ፈተና፣ ከወጣሁ ወዲህ ድምፄን አጠፋሁብሽ። «እንዴት ሆነልሽ?» ብለሽ የላክሽው መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ስንቴ ከፍቼ አይቼው ዘጋሁት መሰለሽ። አፍሬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

የሆነውን ልንገርሽ። ሒሳቡ ሁለት ክፍል ነው። የመጀመሪያው 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ ነው። እሱን ጥሩ ሠራሁት። ሁለተኛው 15 ጥያቄ በ26 ደቂቃ ነው። ገና ሦስተኛው ላይ ተያዝኩ። እልህ ያዘኝና ሙጭጭ አልኩበት። እጄን አላበኝ። ስክሪኑ ጥግ ያለው ሰዓት ቁልቁል ይቆጥራል፤ እኔም ጥያቄውን ትቼ እሱን ማየት ጀመርኩ። ጊዜው ሲያልቅ አምስት ጥያቄ ሳልነካ ቀረ።

የደቻቱን ወንዝ ታውቂው የለ? ድሬ ላይ ጠብ ሳይል፣ ደጋው ላይ የዘነበው ደረቁን አሸዋ ሞልቶት ይመጣል። ድንጋጤዬም እንደዚያ ነበር። ያንዷ ጥያቄ ጎርፍ የቀሩትን ሁሉ ጠራረጋቸው።

የሚያንገበግበኝ በኋላ ያወቅኩት ነው። ፈተናው የመጀመሪያውን ክፍል ጥሩ ለሠራ ሰው ሁለተኛውን ያከብድለታል። «አለቀልኝ» ያልኩበት ክብደት ደህና ስለሠራሁ የመጣ ሳይሆን አይቀርም! ለተሳሳተ መልስ ደግሞ ነጥብ አይቀነስም። አምስቱን በግምት ብመልሳቸው ምንም አልጎዳም ነበር። ይህን ሁሉ አስቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ወር ሙሉ ቃላት ስሸመድድ ነው የከረምኩት።

ዘንድሮ እንደገና ልፈተን ተመዝግቤያለሁ። ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ላቡ ደብተሩ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። እማዬ ሰዓት ያዥ ሆናልኛለች። ሞባይሏን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቡናዋን እየቆላች፣ 26 ደቂቃ ትይዛለች። አሁን በብዛት የምለማመደው መተውን ነው። አንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ከፈጀብኝ «ትቆይ» እላለሁ፣ ምልክት አደርግባታለሁ፣ አልፋታለሁ። ፈተናውም ላይ እንዲሁ ነው፤ ከዚያው ክፍል ሳትወጪ ምልክት ያደረግሽበት ጋ መመለስ ይቻላል። መጀመሪያ ሰሞን ስተዋት ሆዴ ይባባ ነበር። አሁን እማዬ እንኳ ለምዳዋለች። ድስቱ እሳት ላይ ሆኖ ጎረቤት ስትጠራት «ትቆይ!» ትላለች።

ሰዓቱንም መደበቅ እንደሚቻል አወቅኩ። አንዲት ነገር ተጭነሽ ከፊትሽ ታጠፊዋለሽ። አቦ፣ ይህን አምና ማን በነገረኝ!

ፈተናው ራሱም እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ብቻ ሆኗል። ቀድሞ አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነበር የሚቀረው።

ፀሐይ ሲበርድ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር እሄዳለሁ። ደብተር አልይዝም። ባቡር ጣቢያው ድረስ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ አንቺ ትዝ ትይኛለሽ። ማትሪክ ልንፈተን ሰሞን እዚያ ተቀምጠን ያለቀስነውን ታስታውሻለሽ? ያኔ አንቺ ነበርሽ እኔን ያባበልሽኝ። እኔ ደግሞ ስከፋ ካንቺው ተደበቅኩ።

አሁንም እፈራለሁ፤ አልዋሽሽም። ሌሊት የምነቃበት ቀን አለ። ግን ፍርሃቱ ሲመጣ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። አምና ይህ አልነበረኝም።

ፈተናዬ የፊታችን ጥቅምት 14 ነው። ሁለት ቀን ቀደም ብዬ በጠዋቱ አውቶቡስ እነሳለሁ። ሳሎን ያለው ፍራሽ ባዶ ከሆነ ጻፊልኝ። ያን የድሬ ጣፋጭ፣ ሙሸበክ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ለልጆቹም ለብቻ አስጠቀልላለሁ። ከፈተናው ስወጣ ደግሞ፣ እንዴትም ይሁን፣ ከማንም በፊት የምደውለው ላንቺ ነው።

ያንቺዋ፣
ከድሬዳዋ