ፔድሮ ወይስ ጊብሰን?

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔም እናትህም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ያለፈው እሑድ ክርክራችን ሳያልቅ ስልኩ ተቋረጠ፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ከራሴ አልወጣም።

ከቤዝቦል ፒቸሮች፣ ማለትም ለመቺው ኳስ ከሚወረውሩት፣ ማን ይበልጣል ስንባባል «የቦብ ጊብሰን 1.12 ከፔድሮ ማርቲኔዝ 1.74 ያንሳል፣ አለቀ» አልከኝ። አላለቀም ልጄ። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 በዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ፣ 1.12 ነጥብ ብቻ ሲቆጠርበት፣ የሊጉ ፒቸሮች አማካይ ራሱ 3 ገደማ ነበር። ዓመቱ ለመቺ ጨለማ ነበር፤ ከሁለቱ ከፍተኛ (ሜጀር) ሊጎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ በመምታት አንደኛ የወጣው ያስትረምስኪ እንኳ ያገኘው 0.301፣ ማለትም ከአሥር ሙከራ ሦስት ያህል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፒቸሩ የሚቆምበትን ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ኢንች ዝቅ ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው። ፔድሮ በ2000 ሲወረውር ግን ኳሱ በየሜዳው አጥር እየዘለለ የሊጉ አማካይ ወደ 5 ተጠግቶ ነበር።

እስቲ ወረቀት አውጣና አካፍል። የጊብሰን ከዘመኑ አማካይ 37 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ የፔድሮ 35። የሜዳውንም ልዩነት አስተካክሎ፣ አማካዩን ፒቸር 100 ብሎ የሚያሰላው፣ ከፍ ሲል የሚሻለው ኢ.አር.ኤ. ፕላስ የሚባለው መለኪያ ደግሞ ለጊብሰን 258፣ ለፔድሮ 291 ይሰጣል። አበበ ቢቂላ በሮም የሮጠውን 2:15:16 ከዛሬ ሰዓት ጋር አስተያይተህ አበበን ታሳንሳለህ? አታደርገውም።

ግን አንተንም ልስማህ። ጊብሰን ከጀመራቸው 34 ጨዋታዎች 28ቱን ራሱ ጨርሷል፤ ከ304 ኢኒንግ በላይ ወርውሯል። ፔድሮ 217 ነው። ለአንድ ጨዋታ ፔድሮን፣ ለሙሉ ዓመት ግን ጊብሰንን እመርጣለሁ።

እዚሁ ዋሽንግተን የተጫወተው ዋልተር ጆንሰን በ1913 ያስመዘገበው 1.14ም ትልቅ ነው። ሆኖም በሊጉ ጥቁር መቺ አንድም አልገጠመውም፤ የሜጀር ሊጉ በር ለጥቁሮች እስከ 1947 ዝግ ነበር። ታላቁ ጥቁር ፒቸር ሳቸል ፔጅ ሜጀር ሊግ የገባው በ1948፣ በ42 ዓመቱ ነው። ይህ ያንገበግበኛል። በ2024 ጥቁሮች ለብቻቸው ይጫወቱባቸው የነበሩት የኔግሮ ሊጎች ቁጥር ከሜጀር ሊጉ መዝገብ ጋር ሲቀላቀል ደስ ብሎኛል፤ ግን ፔጅ በወጣትነቱ የሜጀር ሊጉን ቡድን ያንኪስን ቢገጥም ስንት ይቆጠርበት እንደነበር የቱ ስሌት ይነግረናል? እሱን አስብበትና እሑድ ደውልልኝ።

የሚወድህ አባትህ