ስለ ብስክሌቱ የኋላ ጥርስ፣ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጅማ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ረፋዱ ላይ ጠራ። እኔም ብስክሌቱን በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ የዓመታት ቅባቱን በነጭ ጋዝ አጥቤ የጠየቅሽኝን ሁሉ አየሁልሽ። አዲስ የኋላ ጥርስ ልትገዢ መርካቶ ከመውረድሽ በፊት ይህን በጥንቃቄ አንብቢልኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ሻጭ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ የሸጠልኝ የኋላ ጥርስ አልገጠመም፤ ገንዘቡም ቀረ። ዛሬ ምክንያቱን አገኘሁት። ጥርሶቹን በእጄ ወደ ኋላ ሳዞራቸው መሀል ላይ ያለው የመፍቻ ማስገቢያ አይዞርም፣ እንደቆመ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ፍሪዊል ነው፤ ሞዞው ላይ፣ ማለትም የጎማው መሀል ላይ፣ እንደ ብሎን ይጠመዘዛል። ማስገቢያው አብሮ ቢዞር ኖሮ ካሴት የሚባለው፣ ሳይጠመዘዝ የሚሰካው፣ ይሆን ነበር። እኔ የገዛሁት ካሴት ነበር። ስለዚህ ሻጩ ምንም ቢምልልሽ ውስጡን ገልብጠሽ ተመልከቺ፦ የሚጠመዘዝ ካልሆነ የእኛ አይደለም።

የኋላዎቹ ጥርሶች 6 ክቦች ናቸው፤ ትንሹ 14፣ ትልቁ 24 ጫፍ አለው። የኋላውን እግር አውልቄ ሹካው መሀል ያለውን ክፍተት ስለካው 126 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ይህም የባለ 6 ልክ ነው። የፊቶቹ 52 እና 42 ናቸው፣ ቁጥራቸው ተቀርጾባቸዋል፤ ገና ጠንካሮች ስለሆኑ አትንኪያቸው። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስትወጪ ጉልበትሽን የሚጨርሰው ግን የኋላው 24 ነው። በ42 እና በ24 ስትሄጂ ፔዳሉን አንዴ ስታዞሪ ጎማው 1.75 ጊዜ ይዞራል፤ ለዚያ ዳገት ይከብዳል። ትልቁ ጥርስ 26 የሆነ ብታገኚ ደስ ይለኛል። ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው ካምቢዮ እጁ አጭር ስለሆነ ከዚያ አትለፊ።

ካምቢዮው ሺማኖ 600 ነው። ጀርባው ላይ «ኤፍ ሲ» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። የመጀመሪያው ፊደል ዓመቱ ነው፣ ከ«ኤ» ማለትም ከ1976 ይቆጠራል፤ ሁለተኛው ወሩ ነው። እንግዲህ የተሠራው በፈረንጆቹ መጋቢት 1981 ነው። ሺማኖ ቀጭ እያለ ደረጃውን የሚይዘውን መቀየሪያ ዱራ ኤስ በሚባለው ሥሪቱ ያመጣው በ1984 ስለሆነ የእኛ ከዚያ ይቀድማል፤ ማርሹን የምናገኘው በስሜት ነው። ይህም ጠቀመን፤ የፍሪዊሉ ሥሪት የማንም ቢሆን ይሠራል።

ሰንሰለቱንም አብረሽ ግዢ። 12 ሙሉ ዘለላው አዲስ ሳለ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ አሁን 30.8 ደርሷል። ጥርሱንም የበላው እርሱ ስለሆነ አዲሱ ላይ አሮጌውን አልጭንም። ለባለ 6 የሚሆነውን ጠይቂ፤ የዛሬዎቹ የብዙ ደረጃ ሰንሰለቶች ቀጫጭኖች ናቸው።

አሮጌውን የሚፈታው መፍቻ እዚህ ጎሚስታዎቹ ዘንድ የለም። የማስገቢያውን ቅርጽ ወረቀት አስደግፌ በእርሳስ አውጥቼልሻለሁ፤ ደብዳቤው ውስጥ ታገኚዋለሽ። መፍቻውን ከእርሱ ጋር አስተያዪ።

አባትሽ