የቻርጀሩን ቦታ ዳገቱ ይወስን

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ምርጫው ኤሌክትሪክ ሆኗል። ይህ ሰው ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለዓመት በዓል ወደ ወሎ መውጣቱ አይቀርም። ታዲያ በመንገድ ላይ ስለሚተከሉ ፈጣን ቻርጀሮች ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «በየመቶ ኪሎ ሜትሩ አንድ ይበቃል» የሚል ስሌት ነው። ስሌቱ ለሜዳ አገር ይሠራ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ደሴ ባለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ግን አሽከርካሪን መንገድ ላይ ያስቀራል።

አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ይጠጋል፤ ጣርማ በር ከ3,000 ያልፋል። ከዚያ መንገዱ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ ሸዋሮቢት ሲደርስ 1,300 አካባቢ ይሆናል። በአጣዬና በከሚሴ ቆላውን ተከትሎ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 1,850 ይመለሳል፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ ናት። አንድ መኪና ከነሰውና ከነዕቃው 2 ቶን ቢመዝንና በሜዳ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ፣ ወደ ደሴ ሲሄድ ጣርማ በር ላይ የከፈለውን ኃይል ቁልቁለቱ በከፊል ይመልስለታል፤ ሲወርድ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላልና። ችግሩ ያለው በመልሱ ጉዞ ነው።

ከሸዋሮቢት ጣርማ በር 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለርቀቱ ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃ ነበር። ይሁንና 2 ቶን ክብደት 1,700 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ ከ9 በላይ ያስፈልጋል፤ የሞተሩ ብክነት ሲጨመር 10 ያልፋል። ባጠቃላይ 17 መሆኑ ነው። ከጣርማ በር ደብረ ብርሃን ድረስ 8 ያህል ቢታከልበት 25 ኪሎዋት ሰዓት ለ95 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ካለው መኪና ከመቶ 40 በላይ የሚሆነው በዚህ አጭር መንገድ ያልቃል።

አሽከርካሪው ደግሞ የሚያየው ሌላ ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሸዋሮቢት ሲደርስ በድምሩ ከ500 ሜትር በላይ ወርዷል፤ ስለዚህ መኪናው ሲቆጥር የቆየው የቁልቁለት ፍጆታ ነው። ዳሽቦርዱ «150 ኪሎ ሜትር ይቀርሃል» ይለዋል። ደብረ ብርሃን 95 ስለሆነች ተረፈኝ ብሎ ያልፋል። የተጻፈው 150 ኪሎ ሜትር በሜዳ ስሌት 22 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የሚያስፈልገው ግን 25። የሚቆመው ደብረ ሲናን ካለፈ በኋላ፣ ብርዱና ጭጋጉ ባለበት ነው። በዳገት መንገድ ላይ ከዳሽቦርዱ ኪሎ ሜትር ይልቅ የባትሪውን ከመቶ ማየት ይሻላል፦ ባለ 60 ባትሪ መኪና ሸዋሮቢትን ሲለቅ ከመቶ 55 በታች ከሆነ ዳገቱን ባይጀምር ይመረጣል። ባለ 38 ባትሪ ትንሽ መኪና ከመቶ 80 በታች ሆኖ መነሣት የለበትም፤ ቀለል ያለ ቢሆንም ዳገቱ አይምረውም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቻርጀር ቦታ ሸዋሮቢት መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ኮምቦልቻ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንም የሐረጎ ዳገት ስላለበት 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ በሜዳ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ኃይል ነው። የባቲው መንገድም የሚገነጠለው ከኮምቦልቻ በመሆኑ አንድ ጣቢያ ለሁለት መስመር ያገለግላል። ደብረ ብርሃን ሦስተኛ ትሁን። ደሴ ላይ ፈጣን ቻርጀር ቢኖር ጥሩ ነው፤ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ ግን ኮምቦልቻ ይቅደም፤ ደሴ ሰው የሚያድርባት ከተማ ስለሆነች ዘገምተኛው ቻርጀር ይበቃታል። ደሴ ላይ ሞልቶ የሚነሣ ሰው ደግሞ ከመቶ 90 ላይ ይንቀል። ባትሪው ጢም ካለ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ኃይል የሚመልስበት ቦታ ስለማይኖረው ሐረጎን ሙሉ በእግር ፍሬን መውረድ ይሆናል፤ ፍሬኑ ይግላል።

ጣቢያው ምን ይመስል? ወደ አገር ከገቡት መኪኖች አብዛኞቹ ከቻይና ስለሆኑ ዋናው ሶኬት የቻይናው ዓይነት፣ ጂቢቲ የሚባለው ይሁን፤ ከሌላ አገር ለመጡት አንድ ሲሲኤስ፣ ማለትም የአውሮፓው ዓይነት፣ ቢታከል ይበቃል። የጂቢቲው የዘገምተኛ ቻርጅ አፍ ከአውሮፓው ጋር ሲታይ ይመሳሰላል፤ ወንዴና ሴቴው ግን ተገላቢጦሽ ስለሆነ አይገጥምም። ለዘገምተኛው አዳፕተር ይሠራል። ለፈጣኑ በየሱቁ የተገዛ አዳፕተር አልመክርም፤ መኪናውና ቻርጀሩ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ስለሚለያይ ወይ እምቢ ይላል ወይ መሀል ላይ ይቆርጣል።

ባለ 60 ኪሎዋት አንድ ቻርጀር በ380 ቮልት ሦስት ፌዝ ከ95 አምፔር በላይ ይስባል። ሁለት እንዲህ ያሉና ሁለት ባለ 7 ኪሎዋት ሲተከሉ 134 ኪሎዋት ስለሚሆን 200 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ለብቻው ያስፈልጋል። ለብቻው የምለውን አጥብቄ ነው። ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ ከተቀጠለ ማታ ምጣድ ሲጣድ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ቻርጀሩ ራሱን ያጠፋል፤ የሰፈሩም መብራት ይደክማል። ሁለት ፈጣን ቻርጀር ደግሞ ትንሹ ቁጥር ነው። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ከሌለ የ100 ኪሎ ሜትር ክፍተት 200 ይሆናል፤ በዚህ መስመር ሳይመሽ ካሰቡበት መድረስ የግድ ስለሆነ መንገደኛው ተራ ሲጠብቅ ቀኑ ያልፍበታል። በዚሁ ምክንያት ከመቶ 80 በኋላ የሚከፈለው በደቂቃ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ80 እስከ 100 ያለው ባትሪው ቀስ እያለ ስለሚቀበል ከ20 እስከ 80 የፈጀውን ያህል ጊዜ ሊፈጅ ይችላል።

ግራውንዱ፣ ማለትም ያፈተለከ ኃይልን ወደ መሬት የሚያወርደው ገመድ፣ ሲለካ ከ4 ኦም በታች ይሁን፤ የሚለካውም ክረምቱ ሳይገባ፣ አፈሩ ደርቆ ሳለ ነው። በነሐሴ ተለክቶ ያለፈ ግራውንድ በበጋ ሊወድቅ ይችላል። አቧራው ደግሞ የቻርጀሩን የአየር ማጣሪያ ይደፍነዋል። ሲደፈን ማሽኑ ይግልና ኃይሉን ራሱ ይቀንሳል፤ 60 ተብሎ የተገዛው 30 ይሰጣል፤ ሰው መኪናዬ ተበላሸ ይላል። ማጣሪያው በየወሩ ወጥቶ ቢራገፍ የሰዓት ሥራ አይሞላም። ቆላው ላይ የቆርቆሮ ጥላም ያስፈልጋል።

ጣቢያው እስኪመጣ ያለው አማራጭ ሆቴል ነው፤ እዚህ ላይ አደጋ ስላለ ሳልጠቅስ አላልፍም። ከተራ ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይገኛል፤ 36 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት ከ16 ሰዓት በላይ ነው። ያን ያህል ሰዓት ያለማቋረጥ ሲሳብበት የላላ ሶኬት ይቀልጣል። ስፒናውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእጅ መንካት ነው፤ እጅ ካላስቀመጠ ይነቀል። ኤክስቴንሽን ጨርሶ አይሁን።

ግራውንድ በሌለበት ቤት ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ሲል አንዳንዶች ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ገመድ) ከግራውንዱ ጋር አጣምረው ያታልሉታል። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ኒውትራሉ የሆነ ቦታ የተበጠሰ ቀን ግን የፌዙ (የሚነዝረው ገመድ) ኃይል በዚያው በግራውንዱ ገመድ ወደ መኪናው ቆርቆሮ ይመጣል፤ በር ለመክፈት እጁን የሰደደ ሰው ይነዘራል፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ሊሞት ይችላል። እባካችሁ ይህን የምታደርጉ ባለሙያዎች ተዉት።

የደሴና የኮምቦልቻ ሆቴሎች ሊያደርጉት የሚችሉት ከባድ አይደለም። ከዋናው ብሬከር ቦርድ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ለብቻው መሳብ፣ ባለ 40 አምፔር ብሬከርና ሰው ሲነዝር የሚቆርጥ መከላከያ ማድረግ፣ የራሱ ግራውንድ መቅበር፣ ከዚያ ባለ 7 ኪሎዋት የግድግዳ ቻርጀር መስቀል። ጭነቱ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አብሮ እንደተጣደ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከተጀመረ መስመሩ አይጨናነቅም፤ መንገደኛውም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሞልቶ ያገኘዋል። ትንሽ ቆጣሪ ከተገጠመለት ሒሳቡም አያጣላም።

ጣቢያ የሚተክለው አካል ማንም ይሁን፣ ክፍያውን በስልክ ብቻ አያድርገው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ መብራት እያለ ቻርጅ የማይገኝበት ነገር ይመጣል። የሸዋሮቢቱ ቻርጀር የቆመ ቀን ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ያለው ሰራተኛ ማወቅ አለበት፤ ከኮምቦልቻ የሚነሣው አሽከርካሪ ከመቶ 60 ላይ ነቅሎ ይሂድ ወይስ 95 እስኪሞላ ይጠብቅ የሚወስነው እዚያ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ